የሰባተኛው ረድፍ ሸራ

ጋሽ ሸፍኑ የሞቱት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ሁሉ «እንዲህ እንዳታደርጉ» ሲሉ በኖሩበት ነገር ነው። ቢያንስ በፀሐይ ኃይል ጣቢያው ግቢ ውስጥ የሚወራው እንደዚያ ነበር፤ ወሬ ደግሞ ከአምቡላንስ ይቀድማል።

ሬሳቸው በሰባተኛው ረድፍ ጫፍ ባለችው መስኮት የለሽ የሽቦ ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ተንበርክኮ ወደ ግድግዳው ተደፍቷል። ግንባራቸው ላይ ያሰሯት መብራት ገና አልጠፋችም። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተቆልምመው ጠቁረዋል። ፒንሳው ከጉልበታቸው ሥር ወድቋል። ጓንታቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

መርማሪው በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጓንቱን ብዙ አየው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ባልደረቦቹ ከኋላው «የእርጎ ዝንብ» ይሉታል፤ ባልተጠራበት ነገር ውስጥ ጥልቅ ስለሚል። ያውቃል፤ አልተቀየመም። እርጎ ባይኖር ዝንብ ምን ትሠራለች ባይ ነው።

«ለምንድን ነው ሸፍኑ የሚሏቸው?» አለ ሳይዞር።

«አባባላቸው ነዋ» አለ ከኋላው የቆመው ሽማግሌ ዘበኛ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሲቀሩበት ፈልጎ ያገኛቸው እሱ ነው። «እነዚህ መስተዋቶች የፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡ ናቸው። ብርሃን እስካረፈባቸው ድረስ ሽቦው ሕይወት አለው። የቤትህን መብራት ታጠፋለህ፤ ፀሐይን ማን ያጠፋታል? ስለዚህ ሽቦ ከመንካትህ በፊት ረድፉን በሙሉ በወፍራም ጥቁር ሸራ ትሸፍናለህ። ‘ሸፍኑ፣ ልጆቼ፣ ሸፍኑ’ ይሉ ነበር። ስማቸውን ረስተነዋል።»

«ዛሬስ ሸፍነዋል?»

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። መልሱ ከሥራ አስኪያጁ መጣ። በከንቲባው ቢሮ ጠዋቱን ሙሉ ሲሰበሰብ ውሎ ገና መድረሱ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ድምፁ ከሁሉም ጎልቷል።

«በምን ይሸፍኑ? ሸራው ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ እንደታጠፈ ነው የተገኘው። አማቻቸው ነው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ያልሰማ የለም አሉኝ። ከለከላቸው፣ እሳቸውም እልኸኛ ናቸው፣ ባዶውን ገቡ። በገዛ እጁ እንደገደላቸው ነው የምቆጥረው።»

አማቹ ካቴና ታስሮ ከፒካፑ ጎን አቧራው ላይ ተቀምጧል። መርማሪውን ሲያይ ለመነሣት ሞከረ፣ አቃተው።

«ሰጥቻቸዋለሁ ጋሼ። እኔው ራሴ ነኝ ትከሻቸው ላይ የጫንኩላቸው።»

«ታዲያ ሸራው እግር አውጥቶ ተመለሰ?» አለ አጠገቡ የቆመው ፖሊስ።

«እኔ ያ የአቧራ ነፋስ ካለፈ በኋላ ፓምፕ ቤት አሸዋ ስጠርግ ነበር። ዕቃ ቤቱ አልተቆለፈም። ስመለስ መደርደሪያው ላይ አየሁት፤ ጨርሰው የመለሱት ነው የመሰለኝ።»

«የተጣላችሁት በምንድን ነው?» አለ መርማሪው።

ሰውዬው ካቴናውን አየ።

«ዝምታህ እኔን አይደለም የሚጎዳው።»

«የሚያሳፍር ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «የጣቢያው ባትሪዎች የመጡ ጊዜ ሳጥኑን ሳልከፍት ነው የተረከብኩት። ኢንጂነሩ አይቼዋለሁ አዲስ ነው ሲለኝ አመንኩ። ዛሬ ጠዋት ‘ዓይንህን ጨፍነህ ነው የተረከብከው’ ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው። ልጃቸውን የሰጡኝ ሰው ናቸው፣ ምን ብዬ ልመልስ?»

ፖሊሱ መኪናው ሳይመሽ እስረኛውን ይዞ ወደ ዋናው ከተማ እንደሚሄድ አሳሰበ። መርማሪው ያንን ጉዞ ያውቀዋል። ወደዚያ ከሄደ ሰው ፋይሉ ይመላለሳል እንጂ ራሱ ቶሎ አይመለስም። የሰውየው ሚስት የሟቹ ልጅ ናት። የአባቷ ሬሳ ከሽቦ ክፍል ሊወጣ፣ ባሏ በፒካፕ ሊሄድ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ፀሐይ።

ኢንጂነሩን ያገኘው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ አነጋገሩ የተለሰለሰ ወጣት ነው። ወንበር ሳበለት፤ ውሃም ቀዳለት። በዚህ ከተማ ውሃ መቅዳት ቀላል ግብዣ አይደለም። ጉድጓዶቹ ከደረቁ ቆይተዋል፣ ወንዙ የመኪና መንገድ ሆኗል። ሰዉ የሚጠጣው ይህ ጣቢያ በፀሐይ ኃይል ከመሬት ሆድ የሚስበውን ብቻ ነው። ከአጥሩ ውጭ የጄሪካን ሰልፍ ይታያል።

«ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም?»

«የለም። ረድፉ ለፍተሻ ከጣቢያው ተነጥሎ ነበር። የተነጠለ ረድፍ ቢሸፈንም ባይሸፈንም ዜሮ ነው የሚያሳየው።»

«ፍተሻው ለምን አስፈለገ?»

«ኃይላችን እየቀነሰ ነው። መስተዋቶቹ ደክመዋል ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ጋሼ አላመኑም፤ አንድ በአንድ ልየው አሉ። ሰባተኛው የመጨረሻው ነበር።»

«መቼ ነው ያየሃቸው?»

«ከነፋሱ በፊት። በዚያ በኩል ሳልፍ ረድፉ ባዶውን ነበር። ‘ጋሼ፣ እርስዎ ሳይሸፍኑ?’ አልኳቸው። ‘ቶሎ ነው የምወጣው’ አሉኝና በሩን ዘጉት። ከዚያ ያ የአቧራ ነፋስ መጣ፣ እኔም እዚህ ገባሁ። እስኪጠሩኝ ድረስ አልወጣሁም።»

መርማሪው ውሃውን በጥንቃቄ ጠጣ፤ ጠብታ አላስቀረም።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ ኢንጂነሩ። «ልጃቸውን ዛሬ አይጠይቋት። ሐዘኗ ትኩስ ነው። ባሏ ለምን እንደተያዘም በደንብ አልነገርናትም። ጎረቤቶቿንም አደራ ብያለሁ፣ ማንም እንዳይነካካት።»

«እዚህ ነው እንዴ የምትሠራው?»

«መስተዋት ጠራጊ ናት። የዛሬው ተራ የሷ ነበር።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። «የጋሼ ልጅ ነው የምንላት» አለ።

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ስሙን ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል የሚራራ ደግ ሰው በሥራ ዘመኑ ብዙ አላጋጠመውም።

በረድፎቹ መካከል እንደ ቤት ገዢ ዝግ ብሎ ሄደ። አንደኛው ረድፍ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ወንፊት ያለፈ ዱቄት የሚመስል አቧራ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ እንደጸዳ ተመለሰ። ተጎንብሶ የመስተዋቱን የታችኛውን ጠርዝ፣ የአሉሚኒየሙን ማዕዘን በጥፍሩ ቆፈረ። ምንም የለም። ወደ ስድስተኛው ዞረ፤ አቧራ። ተመልሶ ሰባተኛው ፊት ቆመና የራሱን ፊት መስተዋቱ ውስጥ አየ። አልወደደውም።

ከዚያ ዘበኛውን ይዞ ዕቃ ቤት ገባ።

«አባባ፣ ይኼን ሸራ ይያዙልኝ። እንዘርጋው።»

ሲዘረጋ ከውስጡ አቧራው ቡን አለና ሁለቱንም አስነጠሳቸው። መርማሪው አንዱን ጫፍ ይዞ እንዳመጣለት ማጠፍ ጀመረ።

«ኧረ እንዲያ አይደለም!» ዘበኛው እጁን መታ አደረገው። «አቧራው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ሁለት ሰው ይሆኑና አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው ነው የሚያነሡት። ጋሽ ሸፍኑ አይተውህ ቢሆን ጆሮህን በቆነጠጡህ ነበር።»

«ሰው ብቻውን ቢሆንስ?»

«ብቻውን ይጎትታል እንጂ አያጥፍም። ከጎተተ ደግሞ አቧራው መስተዋቱ ላይ ይራገፋል። ድሮ በውሃ እናጥብ ነበር፤ አሁን ለሚጠጣም አልበቃ። ንጋት ላይ በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠረገው።»

«ከነፋሱ በኋላስ ተጠርጓል?»

«ማን ይጥረግ? ልጅቷ ብሩሿን ይዛ ወጥታ ነበር። ሳትጀምር ይኼ መዓት መጣ።»

«ከነፋሱ እስከ ሬሳው ድረስ በበሩ የገባ የወጣ አለ?»

«በሬን እንኳን ለሰው ለዝንብም አልከፈትኩ» አለ ዘበኛው፤ ከዚያ ማንን እያናገረ እንደሆነ ትዝ ብሎት ሳል ያዘው።

መጨረሻ የገቡት ባትሪ ቤት ነው። ሙቀቱ ከበር ጀምሮ ይገፋል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ሽታ አለ። ባትሪዎቹ ቁምሳጥን የሚያክሉ ሆነው ተደርድረዋል፤ የሁሉም ግንባር ላይ አዲስ ስቲከር ያብረቀርቃል። መርማሪው ከጀርባ ዞሮ ቡሎኖቹን አየ። ጭንቅላታቸው በመፈታትና በመታሰር ብዛት ተበልቷል። አንዱን ስቲከር በጥፍሩ ሲልጠው ከሥሩ ሌላ፣ ፀሐይ ያገረጣው ስቲከር ወጣ። ሽማግሌን የሙሽራ ልብስ አልብሰው አቁመውታል።

ውጭ ወጥቶ ጥላ ሥር ቆመ። ነገሩ ገብቶታል። የቀረው አንድ ምስክር ነው፤ ያንን ምስክር ላለመጥራት ሌላ መንገድ ፈለገ። ሲጋራ ለማጨስ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ አሰበ፤ ሲጋራ ካቆመ ቆይቷል። መንገድ አላገኘም። ፖሊሱ የፒካፑን ሞተር አስነሥቶ ማሞቅ ጀምሯል። ያንን ሰው ከመኪናው የሚያወርደው አንድ አፍ ብቻ ነው። ያ አፍ ሲከፈት የባለቤቱን ልብ ይዞ ነው የሚወጣው።

«ሁሉንም ጥሯቸው» አለ። «ልጅቷንም።»

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ፣ ዘበኛው በር ላይ፣ አማቹ በካቴናው፣ ኢንጂነሩ ስክሪኑን ተደግፎ። ልጅቷን ሁለት ጎረቤቶች ደግፈው አስገቧትና ወንበር ላይ አስቀመጧት። ዓይኗ አብጧል። ባሏን ካቴናው ውስጥ ስታይ «ምን አደረገ?» አለች።

«ይኼ ጭካኔ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ለምኜዎት ነበር።»

«ለምነኸኛል» አለ መርማሪው። «በጓንቱ ልጀምር። ጋሽ ሸፍኑ ጓንታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ኪሳቸው ከተው ነው የሞቱት። ሽቦው ሕይወት ይኑረው አይኑረው የሚጠራጠር ሰው ጓንት አያወልቅም። እሳቸው ሽቦው መሞቱን እርግጠኛ ነበሩ። ለምን?»

«ስለሸፈኑ» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ።

«ሸራው ግን ከዕቃ ቤት አልወጣም!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ወጥቷል። ሁሉም ረድፍ ላይ ነፋሱ ያመጣው አቧራ አለ። ሰባተኛው ላይ የለም። ነፋሱ ሲያልፍ አንድ ነገር ለብሶ ነበር ማለት ነው።»

«ልጅቷ ጠርጋው ቢሆንስ?»

«ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ጠርዙ ላይ ይከማቻል። ጠርዙም ንጹሕ ነው። ያ አቧራ የት እንዳለ ልንገራችሁ? ሸራው ውስጥ፣ ታጥፎ። አባባና እኔ አስነጥሰንበታል። ስለዚህ ይኼ ሰው» ወደ አማቹ ጠቆመ፣ «እውነቱን ነው። ሸራውን ሰጥቷል፣ ሟቹም ሸፍነዋል፣ ነፋሱም ሸራው ላይ አልፏል። ከዚያ በኋላ፣ እሳቸው ጨለማው ውስጥ በር ዘግተው ባዶ እጃቸውን ሽቦ ሲይዙ፣ ከውጭ ሸራው ተገፈፈ። ፀሐይ የቀረውን ሠራች።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የገፈፈው ጠንቃቃ ሰው ነው» አለ መርማሪው። «ቢጎትተው መስተዋቱ ላይ አቧራ ይራገፋል፣ ሸራ እንደነበረ ይታወቃል ብሎ ፈራ። ስለዚህ በሥርዓት አስነሣው። ሌሎቹ ረድፎች ሁሉ ቆሽሸው አንዱ ብቻ ንጹሕ ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን አላሰበም። ስክሪን ላይ አቧራ አይታይም።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። «ከነፋሱ በፊት ረድፉን ባዶውን አየሁት አልከኝ።»

«አዎ… ምናልባት ተሳስቼ…»

«ባዶውን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጣቴ ይቆሽሽ ነበር። ሸራው እንዳልወጣ እንድናምን የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወጥቷል ብሎ የሚጮኸው ደግሞ ካቴና ውስጥ ነው። ምክንያቱንም ባትሪ ቤት አይቼዋለሁ። አሮጌ ባትሪ አዲስ ብለህ አስገባህ። ኃይል ሲቀንስ ጥፋቱን መስተዋቶቹ ላይ ጣልከው። ጋሽ ሸፍኑ ስድስቱን ረድፍ ፈትሸው ደህና ሆነው አገኟቸው። ሰባተኛውም ደህና ከሆነ ጣት የሚቀሰርበት ባትሪው ብቻ ነው የሚቀረው። መጨረስ አልነበረባቸውም።»

ኢንጂነሩ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጥሩ ተረት ነው። ግን ራስዎ ነግረውናል፣ ሸራውን በሥርዓት የሚያነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው። እኔ አንድ ነኝ።»

«እሱን ልጠይቅ ነው የሰበሰብኳችሁ» አለ መርማሪው። ድምፁ ዝቅ አለ። ማንንም አላየም፤ ወለሉን ነው ያየው። «ሥራ አስኪያጁ ከተማ ነበር። አባባ በር ላይ። አማቻቸው ፓምፕ ቤት። ሌላኛውን ጫፍ የያዘ ሰው አለ። ምን እንደያዘ ሳያውቅ የያዘ። ዛሬ ማንም እንዳይጠይቀው አደራ የተባለለት።»

ኢንጂነሩ ልጅቷን አያት፤ አስተያየቱ ልመናም ማስፈራሪያም ነበረው። እሷ እሱን አላየችም። ባሏን ነበር የምታየው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ካቴናውን።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንዳትናገሪ» አለ ባሏ። ገብቶታል። «ተይው፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«ዝም በል አንተ።» ወደ መርማሪው ዞረች። «ብሩሼን ይዤ ስወጣ ጠራኝ። ‘አባትሽ ጨርሰው ወደ ባትሪ ቤት ሄደዋል፣ ሸራውን ያዥልኝ፣ እኔ አደርሰዋለሁ’ አለኝ። በሩ ዝግ ነው። አመንኩት። አባቴ እንዳስተማረኝ አቧራውን ወደ ውስጥ አድርጌ አጠፍኩለት። እሱ እንኳ አያውቅበትም፣ እኔ ነኝ ያሳየሁት።» እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ስናነሣው ከውስጥ አንድ ነገር ሲመታ ሰምቼ ነበር። ምንድን ነው አልኩት። ነፋሱ ያላላው ቆርቆሮ ነው አለኝ።»

ከጎረቤቶቿ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ውሃው ግን አልቆመም» አለ ኢንጂነሩ። እንደማባበል ለሁሉም ነው የተናገረው። «ውጭ ያለውን ሰልፍ አይታችኋል? እሳቸው ጨርሰው ቢወጡ ዛሬውኑ ባትሪ ቤቱን ያስዘጉት ነበር። ዛሬ ይኼ ከተማ ሁሉ ጠጥቷል። አንድ ሰው ነው…»

«ለውሃው ብለህ ቢሆን» አለ መርማሪው፣ «አሮጌውን አዲስ ብለህ አታስገባም ነበር። ይኼኛውን ለሌላ ሰው ንገረው።»

ፖሊሱ የያዘው ካቴና አንድ ብቻ ነበር፤ ካንዱ ፈትቶ ለሌላው አሰረ። ቁልፉ ትንሽ አስቸገረው፣ ሁሉም ቆመው ጠበቁት።

«ባትሪ ቤቱ ይዘጋ» አለ መርማሪው። «እሳት ሳይነሣ።»

«ፓምፑስ? ያለ ባትሪው አይሄድም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይቁም።»

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ቀኑን ሙሉ ማንም ልብ ያላለው ጉርምርምታ ቀጥ አለ፤ የተሰማው ሲቆም ነው። ከአጥሩ ውጭ ሰዎች መጠያየቅ ጀመሩ። ባዶ ጄሪካን ሲንኳኳ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ።

ባልየው ወደ ሚስቱ ሄዶ እጇን ሊይዝ ዘረጋ። እሷ ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸሸገቻቸው።

«አትንካኝ።»

«እሺ።»

«ሸራውን የገፈፈው እሱ ነው፣ ልጄ» አለ መርማሪው።

«እኔስ?»

መርማሪው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ የእርጎ ዝንብ ካልተጠራበት ሲወጣ ያየው የመጀመሪያው ሰው ዘበኛው ነው።

ባልየው ወንበሯ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ካቴናው የጋጠው አንጓው ቀልቷል። አንድ እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋውና እዚያው ተወው።